ሁለት ባንዲራ በአንድ እንጨት

የሲሸልስ ዋና ከተማ ቪክቶሪያ መሃል ላይ አንዲት ትንሽዬ፣ ብርማ ቀለም የተቀባች የሰዓት ማማ አለች። የለንደን ቅጂ ናት፤ የቆመችው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። መኪናው በግራ ይነዳል። የከተማዋ ስምም የእንግሊዟ ንግሥት ስም ነው። «እንግሊዝ አገር ነው እንዴ የመጣሁት?» እያልኩ ገበያ ስገባ ዓሣ ሻጩ «ቦንዙር!» አለኝ።

እንዴት ተቀላቀሉ? ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1756 ማሄ ደሴት ላይ ድንጋይ ተክለው «የኛ ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1794 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከች አሉ። ፈረንሳዊው አስተዳዳሪ ደ ኬንሲ አቅሙን ያውቃል፤ ሳይዋጋ እጁን ሰጠ። እንግሊዞቹ ሲሄዱ የፈረንሳይን ባንዲራ መልሶ ሰቀለ። ሲመለሱ ደግሞ አወረደ! ይህን ጨዋታ ደጋግሞ ተጫውቶታል። እ.ኤ.አ. በ1814 ደሴቶቹ በፓሪስ ውል ለእንግሊዝ ሲጸኑ እንኳ ሰውየው አልሄደም። ስሙን ወደ እንግሊዝኛ አዙሮ ዳኛ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1827 ሲሞትም በገዢው ግቢ ውስጥ ተቀበረ።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ደ ኬንሲ ብልጥ ሣር ነበር ብዬ ሳደንቀው ቆየሁ። ቆይቼ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሁሉ ብልጠት ያዳነው የሰፋሪዎቹን ሕይወትና ንብረት ነው። «ንብረት» ውስጥ ደግሞ ከአፍሪካና ከማዳጋስካር በመርከብ ተጭነው የመጡት ባሪያዎች ነበሩበት። ባንዲራው ወጣ ወረደ፣ ለነሱ ምንም አልተለወጠም። ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው።

እነዚህ ሰዎች ሐውልት አላቆሙም። ከጌቶቻቸው ፈረንሳይኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎቻቸው ግን ክሪዮልን ፈጠሩ። ፈረንሳይኛ የሚመስለው የዓሣ ሻጩ «ቦንዙር» ለካ ክሪዮል ኖሯል! ለረጅም ጊዜ «የተሰባበረ ፈረንሳይኛ» እየተባለ ሲናቅ የኖረው ይህ ቋንቋ፣ ሲሸልስ እ.ኤ.አ. በ1976 ነጻ ከወጣች በኋላ ክብር አገኘ፤ ከ1982 ጀምሮም ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት ሆነ።

አስጎብኚ መጻሕፍት ደሴቲቱን «የእንግሊዝና የፈረንሳይ ቅልቅል» ይሏታል። አይ! ሁለቱ ባንዲራቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። የቀረው ያንን ባንዲራ አንድም ቀን ያልመረጡት ሰዎች ቋንቋ ነው።