ያባት ዕዳ በኤምሸር ወንዝ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የአገሮችን ሀብት የሚተርክ ታሪክ ብዙ ነው፤ ሀብቱ ትቶት የሄደውን ዕዳ የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ለነገሥታትና ለጦርነት ታሪክ ብዙ ሰዓት ይመደብልኝ ነበር፤ ለወንዝ ታሪክ የሚመደብ ሰዓት ግን አልነበረም። ስለዚህ በጀርመን አገር፣ ሩር በሚባለው አውራጃ የሚፈሰውን የኤምሸርን ወንዝ ነገር ዛሬ ልነግርህ እወዳለሁ። ዘመኑን የምቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በሩር የድንጋይ ከሰል ጕድጓድና የብረት ማቅለጫ በዛ፤ ኤሰን፣ ዶርትሙንድና ዱይስቡርግ የሚባሉት ከተሞችም በሠራተኛ ሞሉ። ነገር ግን ከሰሉ ከሥር ሲወጣ ምድሪቱ ከላይ ሰመጠች፤ በአንዳንድ ስፍራ ከ20 ሜትር በላይ ዝቅ አለች። ወንዙም መውረጃ አጥቶ ተኛ፤ የሰውና የፋብሪካ እድፍ በየመንደሩ እየተንጣለለ በሽታ አመጣ። ከተሞቹና ባለማዕድኖቹ በ1899 ማኅበር አቁመው ወንዙን አቀኑት፤ በሲሚንቶም ለብጠው የእድፍ መውረጃ አደረጉት። ስለ ምን ቧንቧ ከምድር በታች አልቀበሩም ብትል፣ ምድሪቱ ገና ትሰምጥ ስለ ነበር ቧንቧው ይሰበር ነበርና ነው። ከዚህም የተነሣ ወንዙ መቶ ዓመት ያኽል እድፍ ተሸክሞ በአደባባይ ፈሰሰ።

በኋላ የከሰሉ ሥራ ወደ ሰሜን ራቀ፤ ጕድጓዶቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። በኤሰን የነበረው ታላቁ የጾልፈራይን ጕድጓድ በ1986፣ የአውራጃው የመጨረሻው ጕድጓድ ደግሞ በቦትሮፕ በ2018 ተዘጋ። በወንዙ አካባቢ ምድሪቱ መስመጧን ስትተው የመጠገን ቀን ደረሰ። ሥራው በ1992 ተጀመረ፤ ከዶርትሙንድ እስከ ዲንስላከን 51 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ታላቅ የእድፍ መውረጃ ከምድር በታች ተዘረጋ፤ በ2021 መጨረሻም ወንዙ ከእድፍ ነጻ ወጣ። ወጪው 5.5 ቢሊዮን ዩሮ ያኽል ነው። ሲሚንቶው በተነሣበት ስፍራ ሣርና ቍጥቋጦ በቀለ፤ ዓሣም ተመለሰ።

በዱይስቡርግም በ1985 የተዘጋውን የብረት ማቅለጫ አላፈረሱትም። ፔተር ላትስ የሚባል የመናፈሻ ነዳፊ ምድጃዎቹን ባሉበት ትቶ ዙሪያቸውን መናፈሻ አደረገው፤ ይህም በ1994 ለሕዝብ ተከፈተ። ጋዝ ይጠራቀምበት የነበረው ጋን ውሃ ተሞልቶ የጠላቂዎች መዋኛ ሆነ። ኤሰንም ለ2017 የአውሮፓ አረንጓዴ ዋና ከተማ ተብላ ተመረጠች።

ይሁን እንጂ ዕዳው ተከፍሎ አላለቀም። የሰመጠችው ምድር ተመልሳ አልተነሣችም፤ ውሃ እንዳያጥለቀልቃትም የውሃ መሳቢያ መኪናዎች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ፤ እነርሱ ቢቆሙ ብዙው ስፍራ ሐይቅ ይሆናልና። ለዚህ ወጪ የሚሆነውን ገንዘብ የሚጠብቅ ድርጅት በ2007 ተቋቋመ፤ ጀርመኖቹም ወጪውን የዘለዓለም ወጪ ይሉታል። የእኛ ሰው ያባት ዕዳ ለልጅ የሚለው ይህን የመሰለውን ነው።

እንግዲህ ልብ በል፤ በሩር ዛፍ ከመትከል በፊት ማቍሰልን መተው፣ ቀጥሎም ውሃውን ማጥራት አስፈለገ። በእድፍ ወንዝ ዳር አበባ የሚተክል ሰው እድፉን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያጠራውም። አንተም ነገ መሐንዲስ ወይም ሹም ሆነህ ከምድር የሚወጣውን ሀብት ስትቈጥር መጠገኛውን አብረህ ቍጠር፤ አንተ ያልቈጠርኸውን ልጅህ ይከፍለዋልና።