የጐንደር ጤና ኮሌጅ ተማሪና መምህሩ

ስለ ሕክምና ትምህርት በተነሣ ቍጥር ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው ተማሪው ስንት ማርክ እንዳገኘ ነው፤ ማርኩ ከምን እንደ መጣ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ክቡራን አድማጮች፥ ለዚህ ምርመራ የጐንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ታሪክ የሚያህል ምስክር በአገራችን ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለኛል። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1953 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ዶክተር የሚያወጣ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ቈይቶ በ1960ዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፥ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የፖይንት ፎር ርዳታ ጋራ ተባብሮ በ1954 ዓ.ም. በጐንደር ኮሌጁን አቋቋመ። በዚያም ጤና መኰንን፥ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ይሠለጥኑ ጀመር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የማስተማሩ ዘዴ ነው። ሦስቱም ዓይነት ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው በአንድ ቡድን ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ እዚያው ደምቢያ ውስጥ በቆላ ድባ የነበረው ነው። መኰንኑ በሽተኛ ይመረምራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ትጐበኛለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጩንና የመጸዳጃውን ጕድጓድ ይመለከታል። ስለ ወባ ትንኝ በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ረግረጉንና ትኵሳት የያዘውን ሕፃን በአንድ ቀን ሲያይ፥ ማታ መጽሐፉን የሚገልጠው ማንም ሳያስገድደው ነው። መምህሩም ቢሆን በዚያ ሥፍራ መደበቂያ የለውም፤ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ያስተማረውን በበሽተኛው ፊት ማሳየት አለበትና።

ይሁን እንጂ የተማሪው ፍላጐት በመምህር ብቻ አይጸናም። ጤና መኰንኑ ከድሬሰር በላይ፥ ከዶክተር በታች ሆኖ፥ ወደ ሩቅ አውራጃ ተልኮ የጤና ጣቢያ ኀላፊ ይሆን ነበር። ሸክሙ የሐኪም ነው፤ ማዕርጉ ግን የሐኪም አልነበረም። በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ አድማጮች የዕድገት መንገድ የጠበበበት ሠራተኛ ልቡ ወዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ። ከነዚህ መኰንኖች ብዙዎች ኋላ ሕክምና ተምረው ዶክተሮች ሆነዋል። ይህን እንደ ክዳት የሚቈጥሩ ነበሩ፤ እኔ ግን አልስማማም። በገጠር የተጀመረው የመማር ጥማት እንጂ ሌላ ምን ወደዚያ አደረሳቸው?

በ1978 ዓ.ም. ኮሌጁ ከላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር ዶክተሮችን ማስተማር ያዘ፤ የተቋረጠው የጤና መኰንኖች ሥልጠናም በ1990ዎቹ እንደ ገና ተጀመረ። በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የመውጣቱ ልማድ ዛሬም በጐንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። ነገር ግን ተማሪው በበዛ ቍጥር በአንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ የሚቆመው ሰው ይበዛል፤ ከኋላ የቆመው ደግሞ የመምህሩን ድምፅ ይሰማል እንጂ እጁን አያይም።