ጥያቄው ሳይመጣ የተዘጋጀ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከሰፈራችን ከቃሊቲ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ሲሠራ፣ የሰማዕቱ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ሐውልት ይነሣል፣ ይመለሳል፤ የሰማዕቱ ክብር ግን የቆመው በድንጋይ ላይ አልነበረም።

ብፁዕነታቸው በሰላሌ ተወልደው፣ መምህር ኃይለ ማርያም እየተባሉ ለዓመታት ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። በ1921 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆነው ተሾሙ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር በፋሺስት እጅ ወደቁ። አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ለወራሪው መገዛትንም እንዲሰብኩ ተጠየቁ። እምቢ አሉ፤ ሕዝቡና ምድሪቱ ለጠላት እንዳይገዙም ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተገደሉ።

ያ እምቢታ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም፤ በጸሎትና በትምህርት በኖሩባቸው ዓመታት የበሰለ ነው።

እኛ ግን ራሳችንን በዲግሪ፣ በፋብሪካ ደመወዝ ወይም በሥራ ማጣት እንመዝናለን። በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ዋጋው አስቀድሞ ተሰጥቶታል። የእኛ ድርሻ የማንሸጠውን ነገር ዛሬ ለይተን፣ በትንሹ ፈተና መታመንን መለማመድ ነው።

የሰማዕቱ በረከት ይደርብን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።