የሐውልቶቻችን ዕጣ

ከዱርቤቴ ተነሥቶ በወተት አባይና በመርዓዊ አድርጎ ባሕር ዳር የገባ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት የተሻገረ ሰው እዚያ ሥዕል ያያል እንጂ ሐውልት አያገኝም። የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም መልካቸው ለእኛ የደረሰው በሥዕል ነው፤ ያውም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው። ያን ያህል ሥልጣን የነበራቸው እቴጌ በድንጋይ ተቀርጸው አደባባይ ላይ አልቆሙም። ጀግናን ማቆም የቅኔና የፉከራ ሥራ ነበር፤ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት ጎጃም ደግሞ ቃል ከድንጋይ የማያንስ ክብር ነበረው።

ይሁንና ሐውልት ያለማቆም ልማድ ከጥንት አልጀመረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ጦሩ ቤጃዎችን ድል ሲያደርግለት ታሪኩን በግእዝና በሳባ ፊደል፣ እንዲሁም በግሪክ በድንጋይ ላይ አስጻፈ። በዚያ ጽሑፍ ለአምላኩ ለማሕረም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስል እንዳቆመ ይናገራል። ከአምስቱ አንዱም በእጃችን የለም። በ1898 ዓ.ም. ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ቡድን አክሱም ላይ አንድ ሰፊ የድንጋይ መቆሚያ አግኝቷል፤ የምስሉ እግር ይገባበት የነበረው ጉድጓድ 92 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እግሩ ይህን ያህል ከሆነ ቁመቱን መገመት አያቅትም። ብረቱ ጠፍቶ ጽሑፉና መቆሚያው መትረፋቸውን ትልቅ ቁም ነገር አድርጌ አየዋለሁ፤ የኢዛና ጸሐፊ ባይጽፍልን ኖሮ ስለ ወርቁም ስለ ብሩም አንድ ነገር ባላወቅን ነበር።

ከአክሱም በኋላ ዙሪያውን ተዞሮ የሚታይ የሰው ምስል በአገራችን ጥበብ ውስጥ ብርቅ ሆነ። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ በሰው ቁመት ልክ የተቀረጹ ቅዱሳን አሉ፤ ጀርባቸው ግን ከዓለቱ አልተላቀቀም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን፣ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። ጀርመን አገር የተሠራ ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቷል፤ አባ ዳኘው ምኒልክ ከላይ ተቀምጠዋል። ጣሊያኖች አዲስ አበባ ሲገቡ የዓድዋውን ድል አድራጊ በዚያ ከፍታ ሊያዩት አልፈቀዱም፤ ነቅለው መሬት ውስጥ ቀበሩት። የቀበሩት አንድ የነሐስ ፈረስ ብቻ አልነበረም፤ አባቶቻቸውን ያሸነፈውን ስም ነው። ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባቡር ጣቢያው ፊት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ሮም ድረስ ተጋዘ። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ከዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ፣ ሊያስቆሙት ሲሞክሩ ጎራዴውን የመዘዘው በጠላት ዋና ከተማ መካከል ነው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ገባ፤ ዘርዓይ ግን ጣሊያን ውስጥ እንደታሰረ ሞተ።

ወራሪ ብቻ አይደለም ሐውልት ያነሣው። ደርግ ያቆመው የሌኒን ሐውልት የቆየው ስምንት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ኮሎኔል መንግሥቱ በግንቦት 1983 አገር ለቀው በወጡ በጥቂት ቀናት ተገርስሶ ወደቀ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ተነሥቶ ብዙ ሰው አስጨንቋል፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት የወደቁትን አባት ሌላ ቦታ ማሰብ ለከተማው ሰው ከባድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ፤ በዚያው ሰሞን ለንደን ዊምብልደን፣ ካኒዛሮ መናፈሻ ውስጥ የነበረው የልጃቸው የኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። አባትና ልጅ በሁለት አህጉር አንድ ዕጣ ደረሳቸው። የራስ መኮንንን ሐውልት የሠራው ዩጎዝላቩ አንቱን አውጉስቲንቺች መሆኑን፣ ይኸው ሰው ከፍራኖ ክርሺኒች ጋር የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 መታሰቢያ እንደቀረጸ የሚያውቅ ስንት ነው?

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከመሠረቱ ወዲህ የራሳችን ቀራጮች ወጥተዋል፤ በ2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ የቆመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት የበቀለ መኮንን ሥራ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ቆመዋል። በባሕር ዳርም የሰማዕታት ሐውልት አባይን ቁልቁል ያያል። በአማራ ክልል ከተሞች ወደፊትም ሐውልት ይተከላል። የከተማ አስተዳደሮቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በእያንዳንዱ መቆሚያ ላይ የባለ ታሪኩ ብቻ ሳይሆን የቀራጩ ስም፣ የተሠራበት ዓመተ ምሕረትና ከምን እንደተሠራ ይቀረጽ። ከተነሣም የተነሣበት ቀንና ምክንያት በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ይግባ፤ ፎቶግራፉም አብሮ ይቀመጥ።