የናማንጋ ኬላ መዘጋት፦ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መፍረስና የጉብኝት ሥራ

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1967 ካምፓላ ላይ በፈረሙት ውል የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ፣ የጋራ ገበያ ማለትም የአባል አገሮች ሸቀጥ በአብዛኛው ያለ ጉምሩክ ቀረጥ የሚዘዋወርበት ሥርዓት ከመሆኑም በላይ፣ የባቡር፣ የወደብ፣ የፖስታና የአየር መንገድ አገልግሎቶችን የሦስቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት አድርጎ ያስተዳድር ነበር። ማኅበረሰቡ ሲፈርስ የፋብሪካ ውጤቶች ገበያ መጥበቡ ብዙ ተጽፎበታል፤ የጉብኝት ሥራ የደረሰበት ጉዳት ግን ከዚያ ያላነሰ ትኩረት ይገባዋል። ሸቀጥ ቀረጥ ቢጨመርበትም ዋጋው ተወዶ ድንበር ሊሻገር ይችላል፤ ጎብኚ ግን መንገዱ ከተቆረጠበት የተቀረውን የጉዞ ዕቅዱን ሰርዞ ፊቱን ወደ ሌላ አገር ያዞራል።

በዚያን ዘመን ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ናይሮቢ ላይ ያርፍና፣ በኬንያ አስጎብኚዎች መኪና የናማንጋን ኬላ ተሻግሮ ወደ አሩሻ፣ ከዚያም የታንዛኒያ ሰሜናዊ የጉብኝት መስመር ወደሚባሉት ወደ ማንያራ ሐይቅ፣ ወደ ንጎሮንጎሮና ወደ ሴሬንጌቲ ይዘልቅ ነበር። ወይም ከኬንያው ማሳይ ማራ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሴሬንጌቲ ይገባል፤ ሁለቱ ፓርኮች በካርታ ላይ በድንበር ይለያዩ እንጂ የዱር እንስሳቱ በየዓመቱ የሚመላለሱበት አንድ ሜዳ ናቸው። በሴሬንጌቲ ሰሜናዊ ጫፍ የተሠራው የሎቦ ሎጅም ለዚህ መንገድ የቀረበ ማረፊያ ነበር።

የታንዛኒያ ቅሬታ የመነጨው ከዚሁ ነው። ፓርኮቹን የምትጠብቀውና ወጪያቸውን የምትሸከመው እርሷ ሆና ሳለ፣ የሆቴሉ፣ የመኪናውና የአውሮፕላን ትኬቱ ገቢ በአመዛኙ ናይሮቢ ይቀር ነበር። ቅሬታው እውነተኛ መሠረት ነበረው። መንግሥት በ1971 የኪሊማንጃሮን አውሮፕላን ማረፊያ የከፈተውም ጎብኚው ናይሮቢን ሳይነካ በቀጥታ እንዲመጣለት በማሰብ ነበር። በዚህ ላይ፣ ከ1967ቱ የአሩሻ መግለጫ በኋላ ታንዛኒያ የመንግሥት ባለቤትነትን፣ ኬንያ ደግሞ የግል ሀብትን መከተላቸው፣ እንዲሁም ኢዲ አሚን በ1971 በኡጋንዳ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእርሱ ጋር አልቀመጥም በማለታቸው የመሪዎቹ ጉባኤ መቋረጡ፣ ጠቡን የሚያበርድ መድረክ አሳጣ።

የአየር መንገዱ ዕዳ የፈጠረው ውዝግብ በጥር 1977 የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድን ከበረራ ሲያስቆመውና ኬንያ የራሷን አየር መንገድ ስታቋቁም፣ ታንዛኒያ በየካቲት መጀመሪያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፤ በክልሏ ውስጥ የተገኙትን የኬንያ ታርጋ ያላቸውን የአስጎብኚ መኪኖችና ትናንሽ አውሮፕላኖችም ያዘች። እርምጃው ጎብኚዎችን በየሎጁ እንዲጉላሉ ከማድረጉም በላይ፣ የጉዞ ወኪሎች በታንዛኒያ ላይ የነበራቸውን እምነት ሸረሸረ።

የታሰበው ግን አልሆነም። ጎብኚው በኪሊማንጃሮ በኩል በብዛት ከመምጣት ይልቅ ታንዛኒያን መተው መረጠ፤ የሰሜኑ መስመር ሆቴሎችም ለዓመታት ደንበኛ ተራቡ። ከ1978 እስከ 1979 ከአሚን ጋር የተካሄደው ጦርነትና እርሱን ተከትሎ የመጣው የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነዳጅና መለዋወጫ በማሳጣት ጉዳቱን አባባሰው፤ ስለዚህ ውድቀቱን ሁሉ በድንበሩ ላይ ማሳበብ ልክ አይሆንም። ኬንያ በበኩሏ የንጎሮንጎሮና የሴሬንጌቲ ጉዞዎቿን ብታጣም፣ የአየር መግቢያው በእጇ ስለነበር ደንበኞቿን ወደ ማሳይ ማራ፣ ወደ አምቦሴሊና ወደ ሞምባሳ የባሕር ዳርቻ ልታዞር ቻለች። በዚህ ፉክክር የመልክዓ ምድር ሀብት ያላት ታንዛኒያ፣ የመጓጓዣ ሀብት ባላት ኬንያ መሸነፏ አያከራክርም።

ድንበሩ የተከፈተው ሦስቱ መሪዎች አሩሻ ላይ በተገናኙበት በኅዳር 1983 ሲሆን፣ በስዊዘርላንዳዊው ቪክቶር ኡምብሪኽት ሸምጋይነት የጋራው ንብረት ክፍፍል ስምምነት በ1984 ተፈረመ፤ አዲሱ የማኅበረሰቡ ውልም በ1999 ተፈረመ። የጉብኝት ሥራ ግን ከንግዱ ዘግይቶ ቀረ። የ1985ቱ የኬንያና የታንዛኒያ ስምምነት የአንዱ አገር አስጎብኚ መኪና ደንበኞቹን በተወሰኑ የድንበር ከተሞች ለሌላው አገር መኪና እንዲያስረክብ ያስገድድ ነበር፤ በዚሁ ጉዳይ በ2014 መጨረሻ ኬንያ የታንዛኒያን መኪኖች ከናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ስታግድ፣ ታንዛኒያ በአጸፋው የኬንያ አየር መንገድን ሳምንታዊ በረራ ከ42 ወደ 14 ዝቅ አደረገች። በዚያው በ2014 ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ለጎብኚዎች በጋራ መስጠት በጀመሩት የመግቢያ ቪዛ ውስጥም ታንዛኒያ አልገባችም።