ጅብ ከሄደ በኋላ የተለካ ውኃ

በጓሯችሁ ካለው ጉድጓድ አንድ ቀን ጠዋት ብርቱካንማ ውኃ ብትቀዱ ማንን ትከሳላችሁ? ከኮረብታው ማዶ ያለውን የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነዋ! ዳኛው ግን አንዲት አጭር ጥያቄ አለቻቸው፦ «ከቁፋሮው በፊትስ ውኃው እንዴት ነበር?» ብዙ ባለጉዳይ መልስ የሚያጣው እዚህች ላይ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ የዚህችን ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ቦታው አሜሪካ፣ የአፓላቺያ ተራሮች። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሰል ባለበት ዐለት ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ። ተዳፍኖ እስካለ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲቆፈር ግን አየርና ውኃ ያገኙትና አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ብረትና ማንጋኒዝ እያሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል። ማውጫው ተዘግቶ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ እንኳ ለአሥርተ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

በአፓላቺያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆፈር ይህን ለመላው አገር የሚገዛ ሕግ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1972 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ቡፋሎ ክሪክ የከሰል ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 125 ሰዎች ሲሞቱ ግን ጩኸቱ በረታ። ኮንግረስ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1974ም በ1975ም አልፈርምም አሉ። ካርተር ኦገስት 3 ቀን 1977 ፈረሙበት።

ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የአካባቢውን የከርሰ ምድር ውኃ አጥንቶ ማቅረብ ግዴታው ሆነ። ቁፋሮው ከተጀመረም በየሦስት ወሩ የውኃው ከፍታ፣ አሲድነቱ፣ የሟሙ ነገሮች መጠን፣ ብረቱና ማንጋኒዙ ይለካል። ከላይ የሚቆፍር ኩባንያ የሰው ውኃ ካበላሸ ይተካል። ዋሻ ገብቶ የሚቆፍረውስ? ለመኖሪያ ቤቶች ውኃ እንዲተካ የተገደደው በ1992 ነው፤ ጎረቤቶቹ 15 ዓመት ጠበቁ ማለት ነው!

ሌላም ቀዳዳ አለ፦ ናሙናውን የሚያስወስደው ራሱ ኩባንያው ነው። ጠርሙሱ በተጠርጣሪው እጅ ነው እንደማለት። ቢሆንም ቀን ተጽፎበት ለመንግሥት የገባ ቁጥር ሌላ ሰው መልሶ ሊለካውና ሊሞግተው ይችላል። ያልተለካን ውኃ ግን ማንም ወደኋላ ተመልሶ ሊለካው አይችልም።

በእኛም አገር ከሰል አለ። በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የጫካ ቡና አካባቢ እንኳ ከሰል ያለበት ነው። ስለ ከሰል ስናወራ ስንት ቶን፣ ስንት ዶላር፣ ስንት የሥራ ዕድል እንላለን፤ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ከእነሱ ቀድሞ ግን የሰፈሩ ጉድጓድና ምንጭ ተለክቶ ውጤቱ ለባለቤቶቹ ተሰጥቷል ወይ ብለን እንጠይቅ። አለበለዚያ እንደተረቱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል።