ሑጃጆች፣ ኮሌራና የስም ዝርዝር

ላቦራቶሪ ውስጥ ዕድሜዬን የፈጀሁባቸው ተሕዋስያን ብዙ ናቸው። ታሪኩን ለሰው መንገር የምወደው ግን የአንዱን ነው፤ ኤል ቶር የሚባለውን የኮሌራ ባክቴሪያ። ስሙን ያገኘው ከቦታ ነው። ሲና ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለች አጥ-ጡር የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ከመካ የሚመለሱ ሑጃጆች ወደ ግብፅና ወደ ሜዲትራኒያን ከማለፋቸው በፊት ተይዘው የሚመረመሩት እዚያ ነበር። በ1905 ፌሊክስ ጎትሽሊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እዚያ ከሞቱ ሑጃጆች አንጀት ይህን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። የሚገርመው፣ ሟቾቹ የኮሌራ ምልክት ያልታየባቸው ሰዎች ነበሩ። በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው ሰባተኛው የኮሌራ ወረርሽኝ የዚሁ ዘር ነው፤ በ1970 እኛም አገር ገብቷል። (ከአንድ ቦታ በቀር እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐጅና ወረርሽኝ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ኮሮናን ነው። 2020 ዓለም ያበቃለት የመሰለበት ዓመት ስለነበር አልፈርድም። ነገር ግን በቡድን የሚጓዝን ሰው ከበሽታ እንዴት እንጠብቀው የሚለው ጥያቄ እስልምና ራሱ በተመሠረተበት ምዕተ ዓመት የተነሳ ነው። በ639 ገደማ ኸሊፋ ዑመር ከመዲና ወደ ሻም (የዛሬዋ ሶርያና አካባቢዋ) ጉዞ ጀምረው ሰርግ የምትባል ቦታ ሲደርሱ፣ ፊት ለፊታቸው ያለው አገር በወረርሽኝ እንደተመታ ተነገራቸው። ይህ በታሪክ የዐምዋስ ወረርሽኝ የሚባለው ነው። አብረዋቸው ያሉትን በየተራ አማከሩ፤ አሳቡ ተከፋፈለ፤ በመጨረሻ እንመለስ አሉ። የሻም ጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር (ውሳኔ) መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሞገቷቸው። ዑመር ግመሎቹን ይዞ ከለምለምና ከደረቅ ሸለቆ ጋር የተገናኘ እረኛን ምሳሌ አድርገው፣ ወዲህም ቢሄድ ወዲያም ቢሄድ ከቀደር እንደማይወጣ አስረዷቸው። በኋላ ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ የሆኑት ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጥተው፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለውን የነቢዩን ትምህርት ነገሯቸው። አቡ ዑበይዳ ሻም ቀርተው በዚያው በሽታ ሞቱ። እኔን ከዚህ ታሪክ የሚይዘኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹን ይዞ የሚጓዝ፣ ስለ እነሱ የሚጠየቅ፣ ተመለሱ ማለት የሚችል ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባለው ታሪክ ይህ ሰው በተደጋጋሚ ይጠፋል። ኮሌራ የመካና የመዲና አገር ወደሆነው ሒጃዝ የገባው በ1831 ነው። እጅግ የከፋው ግን የ1865ቱ ነው። በዚያ ዓመት ከመጡት 90,000 ገደማ ሑጃጆች 15,000 ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል። ይገመታል ስል ምክንያት አለኝ፤ የመጣውንም፣ የሞተውንም በስሙ የመዘገበ አልነበረም። የተረፉት በእንፋሎት መርከብ ወደ ስዊዝ፣ ከስዊዝ በባቡር ወደ እስክንድርያ ሄዱ። በዚያ በጋ ግብፅ ውስጥ ብቻ ወደ 60,000 ሰው ሞተ። ከእስክንድርያ መርከቦቹ በሽታውን ወደ ማርሴይና ወደ ቁስጥንጥንያ ይዘውት ገቡ። በፊት ሑጃጁ በግመል ወራት ይፈጅበት ስለነበር የታመመው መንገድ ላይ ይሞት ነበር፤ ይህ ጭካኔ ያለበት ቢሆንም ኳራንቲን ነበር። እንፋሎቱ ያንን አስቀረው።

እኛም አልተረፍንም። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጣና ሐይቅ ዳር ቆራጣ ላይ ሰፍረው ሳለ ኮሌራና ተስቦ ሠራዊቱ ውስጥ ገባ። ታስረው ከነበሩት እንግሊዛውያን አንዱ፣ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ ሠራዊቱ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ወደ ደጋው ቢወጣ እንደሚሻል መከራቸው፤ ሰፈሩም ተነቃነቀ። የሠራዊት ጉዞም እኮ የቡድን ጉዞ ነው። ሴት፣ ሕፃን፣ አገልጋይ፣ ከብት ሁሉ ተከትሎ የሚሄድበት።

አውሮፓ የደነገጠችው ኮሌራው ቤቷ ሲገባ ነው። በ1866 ቁስጥንጥንያ ላይ ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ተጠራ። የመጀመሪያው ዓይነት ጉባኤ በ1851 ፓሪስ ላይ ተደርጎ ነበር፤ የቁስጥንጥንያው ግን ሐጅን ዋና አጀንዳ አደረገ። ኮሌራ ከሕንድ እንደሚነሳ፣ በሰው እንደሚጓዝና ሐጅ ሲደርስ እንደሚባዛ ተስማሙ። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ ባክቴሪያውን ለይቶ እስኪያሳይ ገና ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይቀር ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ጠላታቸውን ሳያዩት መንገዱን በትክክል አግኝተውታል። ብሪታንያ ግን ንግዷ እንዳይስተጓጎል ፈርታ ለዓመታት ታንገራግር ነበር። ንግድ ሲነካ በሽታውን ማስተባበል የዛሬ ባሕርይ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ያጽናናል ወይስ ያሳዝናል? እኔ አላውቅም።

ጉባኤው ካፈራቸው ነገሮች መካከል በሑጃጅ ዘንድ ስሟ በምሬት የሚነሳው ካማራን ናት። የመን አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ከደቡብ የሚመጣው መርከብ ሁሉ ወደ ጅዳ ከመሄዱ በፊት እዚያ መቆም ነበረበት። ኦቶማኖች ጣቢያውን በ1882 ከፈቱ፣ በ1915 እንግሊዞች ያዙት፣ በ1952 ተዘጋ። ሑጃጁ ይወርዳል፣ ልብሱና ጓዙ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ራሱ ይታጠባል፣ ቀናት ይቆጠሩበታል። ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ደግሞ እሱ ነው። ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ክፍያው፣ የዘበኞቹ አያያዝ ሕንዳውያን ሙስሊሞችን አስመርሮ ነበር። ካማራን የሑጃጁን ቁጥር ታውቃለች፤ ስሙን ማወቅ ግን ሥራዋ አልነበረም። ኳራንቲን የሚያስፈልግ ነገር ነው፣ ከባለሙያነቴ አንጻር አልክድም። ግን ሰውን እንደ ጭነት የሚቆጥር ኳራንቲን ሰው እንዲደበቅ ያስተምራል። የተደበቀ ሕመምተኛ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

በዚያው ዘመን መርከቦቹ ራሳቸው መቃብር ነበሩ። በ1880 «ጅዳ» የተባለች መርከብ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሑጃጆችን ይዛ ስትሄድ ባሕር ላይ ተበላሸች፤ ካፒቴኑና መኮንኖቹ ሑጃጆቹን ጥለው በጀልባ አመለጡ፣ መርከቧም ሰጠመች ብለው አወሩ። መርከቧ ግን አልሰጠመችም፤ ሌላ መርከብ ጎትታ ኤደን አደረሰቻት። ጆሴፍ ኮንራድ «ሎርድ ጂም»ን የጻፈው ከዚህ ተነስቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሕንድ የእንግሊዝ መንግሥት ነገሩን ለማስተካከል የቱሪስት ጉዞን ለዓለም ያስተማረውን የቶማስ ኩክን ድርጅት በ1886 የሑጃጅ ወኪል አድርጎ ሾመው። አስቡት፤ እንግሊዛዊውን ወደ ስዊዘርላንድ የሚያዝናናው ድርጅት ቦምቤይ ላይ ለሐጅ ትኬት ሲቆርጥ! ትኬቱ የተሻለ ነበር፣ መርከቦቹም እንደዚሁ። ድርጅቱ ግን አተረፍኩ ሳይል በ1893 ሥራውን ተወ። ትኬት የሸጠ ሁሉ ለተሳፋሪው ጤና ኃላፊ አይደለም፤ ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሐጂ የተባሉት በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን የሙስሊሙን ልብ ለመግዛት ሐጅን ይደግፍ ነበር፤ አያቴም ከወሎ ወርደው ከምጽዋ በመርከብ ተሻገሩ። ስለ ካዕባ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ስለ ምጽዋ ሲያወሩ ግን ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፤ ተሰልፈው የተወጉትን መርፌ። «ክንዳችን አብጦ ኢህራም መልበስ አቃተን» ይሉ ነበር፤ ይስቃሉም።

ወደ ዘመናችን ልምጣ። በ1956 ጅዳ ላይ ትልቅ የኳራንቲን ጣቢያ ተከፈተ፤ በዓመቱ ሐጅን በተመለከተ የነበረው ልዩ ዓለም አቀፍ ደንብ ተነሳ፣ ኃላፊነቱም የሳዑዲ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኮሌራ ሲያፈገፍግ ሌላ በሽታ ተራውን ያዘ፤ ማጅራት ገትር። በ1987 ሐጅ ላይ የኤ ዓይነት ማጅራት ገትር ተነሳ፤ ያው ዘር ከተመላሾች ጋር ወደ ሱዳን፣ ወደ ቻድና ወደ እኛ መጣ። በ1988 እና በ1989፣ በእኛ 1981 ዓ.ም. ማለት ነው፣ በአገራችን የተነሳው ወረርሽኝ ያኔ ገና ጀማሪ ለነበርኩት ለእኔ ትምህርት ቤቴ ሆነ። ከሕመምተኛ ወገብ የሚቀዳው ፈሳሽ ንጹሕ ውሃ መምሰል ሲገባው እንደ አጥሚት ደፍርሶ ይመጣል። መስታወቱ ላይ ቀብቼ፣ ቀለም አፍስሼ በማይክሮስኮፕ ሳይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቀይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከዚያ የክፍሉን በር ከፍቼ ውጤቱን የምሰጠው ሐኪም ፊቴን አይቶ ያውቀው ነበር።

ሳዑዲ ከዚያ ወዲህ ሑጃጅ ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስድ እንዳይገባ አደረገች። በ2000 ደግሞ ክትባቱ የማይሸፍነው ደብልዩ 135 የተባለ ዓይነት መጣና ከ400 በላይ ሰዎችን ያዘ። ስለዚህ ከ2002 ጀምሮ አራቱን ዓይነት የሚከላከለው ክትባት ግዴታ ሆነ። ከእኛ አገር ለሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባትም ይታከልበታል። የ1960ዎቹ መጀመሪያ የኦሞ አካባቢ ወረርሽኝ ስንት ሺህ ሰው እንደፈጀ የሚያውቅ ሰው ክትባቱ የሚመዘገብበትን ቢጫ ካርድ አያማርርም። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል፤ ጥበቃው ከካማራን ድንኳን ወጥቶ ወደ ሑጃጁ መንደር፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ቡድኑ መሪ መጣ። ቢጫ ካርዱ ላይ ስም አለ። ሰውየው ቁጥር መሆኑ እዚያ ላይ ቆመ።

በ2009 የአሳማ ጉንፋን ሲነሳ የዐረብ አገሮች የጤና ሚኒስትሮች አዛውንቶችና ሕፃናት እንዳይሄዱ መከሩ፤ ቱኒዚያ ጭራሽ ሐጅን ሰረዘች። በ2014 ከሦስቱ የኢቦላ አገሮች ማንም አልገባም። ኮሮና ሲመጣ ሁሉም ነገር ተዘጋ። በ2019 ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሰው የነበረበት ሜዳ በ2020 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ቆመበት፤ ሁሉም ሳዑዲ ውስጥ ያሉ፣ ከእነሱም ሰባ በመቶ ያህሉ የውጭ ዜጎች። ሃያ ሃያ እየሆኑ በመሪ ተመደቡ። ጀምራት ላይ የሚወረወረው ጠጠር ሳይቀር ተፀድቶ በከረጢት ታደላቸው፤ ዘምዘሙ በጠርሙስ፤ ካዕባን መንካት ክልክል። ባለሥልጣናቱ በሽታው አንድም ሑጃጅ ላይ አልተገኘም አሉ። በ2021 ከተመዘገቡት ከ550,000 በላይ ሰዎች 60,000 ተፈቀደላቸው። ከውጭ መጓዝ የተመለሰው በ2022 ነው፤ አንድ ሚሊዮን ሰው፣ ከ65 ዓመት በታች፣ የተከተበ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ምርመራ ያደረገ።

በዚያ ዓመት ለአንድ ቡድን የጤና ረዳት ሆኜ ስዘጋጅ ያጋጠመኝን ሳልናገር አላልፍም። አንድ አዛውንት በሬያቸውን ሸጠው፣ ልጆቻቸውም ከጅዳ ገንዘብ ልከውላቸው ተመዝግበው ነበር። ዕድሜያቸው ግን አለፈ ተባለ። ቤቴ መጡ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ ወረቀቱን የምትሞይው። ሁለት ዓመት ቀንሺልኝ።»

«አባባ፣ ወረቀቱ ቢዋሽልን ፓስፖርቱ ይመሰክርብናል» አልኳቸው።

«እሱንም የጻፈው ሰው እኮ በግምት ነው የጻፈው፤ ማን የተወለድኩበትን ቀን ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው በእኛ አገር የተወለደበትን ዓመት በክረምትና በጦርነት እንጂ በቁጥር አያውቅም። የ65 ዓመት ገደብ ለአንድ በሽታ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ልደቱ በግምት የተጻፈለት ሰው ላይ ሲወድቅ ግን ፍርድ ይዛባል። ይህን ስል ሕጉን አልቃወምም። እኒህን ሰው ከዝርዝሩ ስናወጣ ቢያንስ ስማቸው ታውቆ፣ ምክንያቱ ተነግሯቸው፣ ገንዘባቸው ተመልሶላቸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት የዕድሜ ገደቡ ሲነሳ ሄዱ።

ከዝርዝር ውጭ የሆነ ሰው ምን እንደሚደርስበት 2024 አሳይቷል። ያ በሽታ አልነበረም፣ ሙቀት ነው፤ የሞቱት 1,301 ሰዎች ናቸው። ሳዑዲ እንዳስታወቀችው ከእነሱ 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው ነበሩ። ፈቃድ የሌለው ሑጃጅ ጥላ ያለው ድንኳን የለውም፣ አውቶቡስ የለውም፣ ሲወድቅ ስሙን የሚጠራ መሪ የለውም። በርካሽ ወስደው የሑጃጆች የድንኳን ሰፈር በሆነችው ሚና ዳር የሚጥሉ ደላሎች የ1880ውን የ«ጅዳ» ካፒቴን ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ሌላ ስም የላቸውም።

ስለዚህ ዘንድሮ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የነየታችሁ፣ ክትባታችሁን ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ፤ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የሚወሰድ መርፌ ካርድ ያስሞላል እንጂ ጊዜ አግኝቶ አይጠብቃችሁም። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታችሁን ከእጅ ቦርሳችሁ አትለዩ። የቡድናችሁን መሪ (አሚር) ስልክ ቁጥር በስልካችሁ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊትም አሚሩን ዝርዝሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ስማችሁ ከሌለበት አትሳፈሩ።